የፅናት እንቁራሪቶች

የሺመቤት ደክሟታል። እንቅልፍ የሚያወጣው ዓይነት ድካም አይደለም፤ ጠዋት አብሯት የሚነሣ፣ ጄሪካኑን አብሯት የሚሸከም፣ ወረፋ አብሯት የሚቆም ነው። ሱዳን ውስጥ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ከገባች ወዲህ ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲላት "ተመስገን" ትላለች፤ ሌላ ቃል መፈለግም ጉልበት ይጠይቃል።

የዛሬው ጠዋት ደግሞ ባሰ። ክሊኒኩ ውስጥ ተራዋ ሲደርስ መብርሂት የልጇን የፅናትን ክንድ በባለቀለሙ መለኪያ ጠቅልላ አየች። መብርሂት እንደ እነሱው ስደተኛ ናት፤ ከትግራይ መጥታ እዚሁ ሕፃናትን ስትመዝን የኖረች፣ ክፉ ቃል የማይወጣት ሴት። መለኪያው የክፉ ክሳት ምልክት የሆነው ቀይ ላይ ቆሟል። ባለፈውም ቀይ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ያው ቀይ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው።

"የሺ ሓፍተይ" አለቻት፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ "ይሄን ዳኳ የሚበላ ልጅ እንዲህ አይሆንም። ሱግ ወስደሽ ትሸጪው እንደሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።"

ዳኳ የሚሉት ለከሱ ሕፃናት የሚታደለውን፣ በላስቲክ የታሸገውን የኦቾሎኒ ቅቤ ነው፤ ስሙን፣ ገበያውን ሱግ እንደሚሉት ሁሉ፣ ከሱዳኖቹ ተውሰውታል። ገበያ አውጥተው የሚሸጡት እናቶች አሉ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ በነሱ ለመፍረድ የሚደፍር የጠገበ ብቻ ነው። የሺመቤት ግን ሸጣው አታውቅም። አንዴ ጣቷ ላይ የቀረውን ልሳ፣ ከልጇ አፍ የነጠቀች መስሏት ቀኑን ሙሉ ስታፍር ውላለች።

"በልጄ እምላለሁ፣ አልሸጥሁም።"

"እንግዲያ ሌላ በሽታ አለባት ማለት ነው። በሚቀጥለውም ቀይ ከሆነች ገዳሪፍ ሆስፒታል መተኛቷ ነው። እኔም ከዚያ በላይ ልይዝልሽ አልችልም።"

የሺመቤት ልጇን አዝላ በዋልካው ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተች ተመለሰች። ሌላ ልጅ ሲያዝሉት ይከብዳል። ፅናት አትከብድም፤ ይህ አለመክበዷ ነው እናቷን ያጎበጣት።

ደጃፉ ላይ የየሺመቤት ታላቅ ወንድም ባንታምላክ ተቀምጧል። መተማ በኩል የሰሊጥ መሬት ነበረው፤ አሁን ማን እንደሚያርሰው አያውቅም፤ ከመሬቱ በስተቀር ስለ ሌላ ነገር ማውራትም ትቷል።

"ምን አሉሽ?"

"ያው ናት፣ አያ።"

"መስከረም ሲጠባ መንገዱ ይደርቃል። እዚህስ ምን አለን? ጦርነት ሸሽተን መጣን፣ እዚህም ሌላ ጦርነት ጠበቀን። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግራችን ብለን ቀያችን እንግባ። የያዘችኝ ይህች ልጅ ናት።"

"ትጠንክርና እንሄዳለን" አለች የሺመቤት። ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው።

ፅናት ከእናቷ ጀርባ ወርዳ በቀጥታ ወደ ቤቱ ጓሮ፣ ወደ ዚሩ ሄደች። ዚር ሱዳኖቹ ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ውሃ ሲያንጠባጥብ ስለሚውል ሥሩ አይደርቅም። ክረምቱ እንደገባ እንቁራሪቶች እዚያ ጎጆ ቀለሱ፤ ፅናትም ድንጋይ ከብባ፣ ላያቸው ላይ የጆንያ ጥላ ሠርታ የራሷ አደረገቻቸው። ባንታምላክ እንቁራሪት የነካ እጅ ኪንታሮት ያወጣል እያለ ይጮኻል። እናቷ ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ብላ ትታታለች። ደግሞም እንቁራሪቶቹ ያምራሉ፤ ጀርባቸው ያብረቀርቃል፣ ሆዳቸው እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ተነፍቷል። በዚያ ሰፈር የጠገበ ፍጥረት ቢኖር እነሱ ናቸው። የሺመቤት ይህን በየቀኑ ታያለች፤ የደከመ ሰው ግን ያያል እንጂ አያስብም።

በማግስቱ እንደ ልማዷ የዳኳውን ላስቲክ ጫፍ ቀዳ ለልጇ ሰጠቻት። "ጨርሺው እሺ?" አለቻት። ፅናት "እሺ" አለች። እናቷ በቀን ሥራ ማሽላ ልታርም ሄደች።

ረፋዱ ላይ ዝናብ መጣና ሠራተኛው ሁሉ ተበተነ። የሺመቤት ቤቷ ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል። በጓሮ በኩል ስትገባ የልጇን ድምፅ ሰማች።

"አትጋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል። ሰልፍ ያዙ።"

እህል የሚያድሉት ሰዎች የሚሉትን ነበር የምትለው። ፅናት ከዚሩ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ፊቷ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዳኳ ተለቅልቆ ዝንብ አጥቁሮታል። እንቁራሪቶቹ ድንጋዩን ከበዋል፤ ምላሳቸው ውልብ ሲል አንድ ዝንብ ይጎድላል። የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ፤ ሁኔታቸው አዲስ ነገር እንዳላዩ ያሳብቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እናት ሳታውቅ ከርማለች።

የሺመቤት እጇን አነሣች። ለመምታትም ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ እጇ መልሶ ወረደ፤ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

"ለምን?" አለቻት።

ፅናት ስለ እንቁራሪቶቹ የተጠየቀች መሰላት። "ዳኳውን እነሱ አይበሉትም፣ እማዬ። ምስርም ሰጥቻቸው ነበር፤ አልነኩትም። የሚንቀሳቀስ ካልሆነ አይበሉም። ዳኳው ለዝንቡ ነው፤ ዝንቡ ለነሱ። እንዴት እንዳደጉ አየሽ?"

"አንቺስ? አንቺ ማደግ አትፈልጊም?"

ልጅቷ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "አልፈልግም።"

"ለምን ልጄ?"

"ከጠነከርሁ እንሄዳለንና። ያኔ ስንሄድ አባዬ ቀረ። አሁን ስንሄድ ማነው የሚቀረው?"

አባቷ በመጡበት ጊዜ ፅናትን በትከሻው ወንዝ አሻግሮ ለዕቃው ተመልሶ ነበር፤ በዚያው ቀረ። "ይመጣል" ብለዋት ዳግም አላነሡትም። ሕፃን ናት፣ ትረሳዋለች ብለው ነበር። የሺመቤት አፈረች። "ትጠንክርና" ባለች ቁጥር ቀለል ይላት እንደነበር ትዝ አላት። ያንን መንገድ እሷም ፈርታዋለች። የልጇን ክሳት ተከልላበት ከርማለች።

ባንታምላክ ከዝናቡ በስብሶ ገባ። እናትና ልጅን ጭቃ ላይ ሲያይ ደነገጠ። "ምነው? ባሰባት?"

አዎ ብትል የመሄዱ ነገር እንደገና ለጊዜው ይበርድ ነበር። "ደህና ናት" አለች። "ስዋሽህ ከረምሁ፣ አያ። የማልሄደው እኔ ነኝ። ብትወፍርም አልሄድም። አንተ ሂድ፤ አልቀየምህም።"

"ብቻዬን?"

የሺመቤት ጎንበስ ብላ ከቀሚሷ ላይ ጭቃ ጠረገች። ቀና ስትል ፅናት የተረፈውን ዳኳ ከነላስቲኩ እንደያዘች አጎቷን ትመለከታለች። አልበላችም።

"እንግዲያ አሁን የምትቀረው አንተ ነህ?" አለችው።

ባንታምላክ አልገባውም። የሺመቤት ልጅቷ ያለችውን ከነዝንቡ፣ ከነአባቷ ነገረችው። እሱ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ዝንብ በእጁ አባረረ።

"ብይ" አላት።

"ትሄዳለህ?"

"ብይ አልሁሽ እኮ።"

"ትሄዳለህ፣ አጎቴ?"

ባንታምላክ ከእህቱ አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። እሱም ደክሞት ነበር፤ የሺመቤት ይህን ከዚህ በፊት አላየችም። "አልሄድም" አለ፤ ቃሉ ሲወጣ መሬቱን ለሁለተኛ ጊዜ እንደተቀማ ሰው ፊቱ ተጨማደደ።

ፅናት ጥቂት አየችው። ከዚያ የላስቲኩን ጫፍ አፏ ውስጥ አድርጋ መጭመቅ ጀመረች።