የፔንዱለሙ ርዝመት

ናንዳንግ ባንዱንግ ከተማ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበር። ፊዚክስንም ደርቦ ለመማር ሲያመለክት የፊዚክስ ክፍሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ ሰጠው፤ የቤተ ሙከራውን ትምህርት በዚያው መንፈቅ እንዲያልፍ። ሁለተኛ ዕድል አይኖርም። ውጤቱ በማለፍና በመውደቅ መካከል እንደ ቆመ የመጨረሻው ሙከራ ደረሰ።

ሙከራው ቀላል ነበር፤ በክር የተንጠለጠለች የናስ ኳስ እያወዛወዙ የመሬትን ስበት መለካት። ርዝመቱን ናንዳንግ ለካ፤ ሰዓቱን የፊዚክስ ተማሪዋ ዊዳ ያዘች። ሲሰላ 9.40 ወጣ።

«ባንዱንግ ውስጥ 9.78 ነው» አለች ዊዳ። «አንተ የት አገር ሆነህ ነው የለካኸው?»

«ሰዓቱን የያዝሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«አምስት ጊዜ ያዝኩ፤ አምስቱም ያው ነው። ስማ፣ የአሥሩን ውዝዋዜ 14.49 ሰከንድ 14.2 አድርገው፤ አለቀ።»

«ተጽፏል እኮ።»

«ሰርዘዋ! መሰረዝ እንደሆነ አልተከለከለ።»

በዚያ ቤተ ሙከራ እርሳስ አይገባም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው ግን መነበብ አለበት። ናንዳንግ እስክሪብቶውን 14.49 ላይ አሳርፎ ቆየ። ለመሰረዝ ምክንያት ፈለገ፤ ማለፍን ከመመኘቱ በቀር ሌላ አላገኘም። 9.40ን እንዳለ ጽፎ፣ «የስህተቱን ምንጭ አላወቅሁም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጨምሮ አስረከበ።

«በቃ፣ ወደ ሒሳብህ ተመለስ» አለችው ዊዳ። «እኔንም ይዘኸኝ ወደቅህ።»

በማግስቱ ሁለቱም ዘገባውን በቃል ለማስረዳት ቀረቡ። ቤተ ሙከራውን ለሃያ ዓመት የመሩት መምህርት፣ ተማሪዎች በአገሩ ወግ «ኢቡ»፣ እናት፣ እያሉ የሚጠሯቸው ሩክሚኒ፣ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ርዝመቱ ስንት ነው?»

«50 ሴንቲ ሜትር፣ ኢቡ።»

«ከየት እስከ የት?»

«ክሩ ከታሰረበት ኳሷ እስከምትጀምርበት።»

«ኳሷስ?»

«እሷንማ እንደ ነጥብ ነው የወሰድኳት። ነጥብ ስፋት የለውም።»

ኢቡ ኳሷን ከክሩ ፈትተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። «ያዛት እንግዲህ፣ ነጥብህን።»

ከበደችው። ከዳር እስከ ዳር አራት ሴንቲ ሜትር ነበረች። ዊዳ ሳቋን በደብተሯ ከለለች።

«ይህን የሚሳሳቱት ከላይኛው ፎቅ የሚወርዱት የሒሳብ ልጆች ብቻ ናቸው» አሉ ኢቡ። «እስከ ኳሷ መሐል ጨምረህ አስላ።»

በ52 አሰላ። 9.78 ወጣ።

«በየዓመቱ ሰዓቱን የሚያሳጥርልኝ አይጠፋም። 14.2 ብለህ ቢሆን ኖሮስ?»

አሰላ። በትክክለኛው ርዝመት 10.18 ሆነ። ዊዳ መሳቋን ተወች።

«ሰዓቱ እውነተኛ ነው፤ ርዝመቱ ስህተት። ለሁለታችሁም ሲ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ ኢቡ?» አለች ዊዳ።

«ሲለካ ቆመሽ አየሽ።»

ሲ ዝቅተኛው ማለፊያ ነበር። ናንዳንግ ኳሷን ጠረጴዛው ላይ መልሶ፣ በደብተሩ ላይ 50ን በአንድ መስመር ሰረዘና ከጎኑ 52 ጻፈ። የተሰረዘው ቁጥር በግልጽ ይነበብ ነበር።