በደረጃ የተመዘነ ሌንስ

ፖስታ አዳይዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የደብዳቤ ቦርሳ በግራ ትከሻዋ ተሸክማ የየሰዉን ቤት ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ኖራ ጡረታ ወጣች። ትከሻዋ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ጠዋት ይጠዘጥዛታል። በሚቀጥለው ሳምንት ከእግረኞች ማኅበር ጋር ስድስት ቀን በእግሯ ተጉዛ አንድ ሐይቅ ላይ የሚሰፍሩትን ወፎች ፎቶ ልታነሳ ነው። የማኅበሩ መሪ ደንቡን አስቀድሞ ነግሯታል፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ከስንቁና ከድንኳኑ ጋር መኪና ላይ ይጫናል። ለእሷ ደግሞ እንደ ዕቃ ከመጫን ቤት መቅረት ይሻላል።

ስለዚህ የምትፈልገው ሩቁን የሚያቀርብ፣ የማይከብድና በጡረታ ደመወዝ የሚገዛ ሌንስ ነው። ስህተቷ ሱቅ የሄደችው ከልጇ ጋር መሆኑ ነው። ልጇ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው።

«እማ፣ ይቺ እኮ አሻንጉሊት ናት» አለ፣ የመረጠቻትን ሌንስ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ፕላስቲክ! ብርሃን አታስገባም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ካለች ዕውር ናት።»

«ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እኔም ጫማዬን አውልቄ ጋደም እላለሁ።»

«ያንን ትልቁን ውሰጂ። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ አልኩሽ አይደል?»

ሻጩ ትልቁን ሌንስ እንደ ጨቅላ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣው። ክንድ ያህላል። «ልጅዎ እውነቱን ነው፣ እማማ። የባለሙያ ዕቃ ማለት ይሄ ነው።»

«እማማህ አይደለሁም። ስንት ይመዝናል?»

«ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው።»

«ትንሿስ?»

«እሷማ አራት መቶ ግራም ናት። ግን ትልቁም ይለመዳል፣ ይመኑኝ።»

ደሟን ያፈላው ይህ «ይለመዳል» ነው። የፖስታ ቤቱ አለቆችም ቦርሳውን ቢሮ ውስጥ አንዴ ብድግ ያደርጉና «ይለመዳል» ብለው ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ክብደትን አቅልሎ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚሸከምለት ሌላ ሰው አለው። ልጇም ቢሆን ትልቁን ሌንስ ሁለት ጊዜ ቀጭ ያደርግና ለረዳቱ አቀብሎ ኬክ ይበላል። ቦርሳ የሚመዘነው ከመሬት ሲነሳ ሳይሆን አሥረኛው ቤት ደጃፍ ላይ መሆኑን ከሦስቱ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ና» አለችው ልጇን። «ትልቁን ካሜራህ ላይ ግጠም፤ እኔ ትንሿን እገጥማለሁ። እስከዚህ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ በደረጃ እንወጣለን። በየፎቁ መስኮት ካሜራውን ዓይናችን ላይ አድርገን እስከ ሠላሳ እንቆጥርና እናነሳለን። ወፍ እንደ ሙሽራ ‹ቀና በይ› ስትባል ቀና አትልልህም፤ ትጠበቃለች።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«አበዱ ይበለና!»

ሻጩ ዕቃው እንዳይጠፋበት ፈርቶ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለ።

አንደኛው ፎቅ ላይ ልጇ ይስቅ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሳቁ አለቀ። አራተኛው ላይ ገና አሥራ ስምንት ሲቆጠር እጁ ወረደ፤ «ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው» አለ። አምስተኛው ላይ ማንገቻውን ከአንገቱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ክንዱ አዛወረው። ስድስተኛው ላይ መስኮቱን ዝም ብሎ አለፈው።

«መስኮቱ እዚህ ነው፣ የኔ ጌታ!»

«አይቼዋለሁ» አለ፤ ካሜራውን ግን አላነሳም።

የእሷም ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ቢሆንም ሠላሳውን ቆጥራ ጨረሰች፤ ማዶ ጣሪያ ላይ ያረፈችውን ርግብም አነሳቻት።

ሰባተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ፎቶዎቹን አስተያዩ። የሁለተኛው ፎቅ መስኮት ጨለምለም ያለ ግቢ ነበር የሚያሳየው። የልጇ ፎቶ ጥርት ብሏል፤ የእሷ ደብዝዟል።

«እዪ! እዪው እንግዲህ! አላልኩሽም?» አለ ልጇ፣ ነፍስ ዘርቶ።

መዋሸት አልፈለገችም። «ያንተ ይበልጣል። በጣም ይበልጣል። አሁን የስድስተኛውን አሳየኝ።»

ልጇ ወደፊትም ወደኋላም አገላበጠ። ስድስተኛው ፎቅ የለም።

«የሌለ ፎቶ ቢጠራ ባይጠራ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «በሁለተኛው ቀን መኪና ላይ ተጭኜ፣ የገዛህልኝን ሌንስ ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ በመስታወት አቧራ ላነሳልህ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሌላ ሰው የሞላውን ቦርሳ ተሸክሜያለሁ። ይሄኛውን የምሞላው እኔ ነኝ!»

ሻጩ ግድግዳውን ተደግፎ እያለከለከ «እውነት ለመናገር…» ብሎ ጀመረና የልጇን ፊት አይቶ ተወው።

«ለመናገር አትቸገር» አለችው። «ውረድና ትንሿን ጠቅልልልኝ።»

ልጇ እስከ ሱቁ ድረስ አኩርፎ ወረደ። ገንዘቧን ስታወጣ ግን አላስቻለውም። «እሺ፣ እዚያ ትልልቅ ሌንስ የያዙት ሲያዩሽ ይስቁብሻል። ያኔ ምን ልትይ ነው?»

«ምንም። ከኋላዬ ሆነው ይሳቁ» አለችና ሻጩ ጠቅልሎ ሳይጨርስ ሌንሷን ከእጁ ተቀበለች።