የጥቅምት አምስት ፊርማ

የብርጓል ከአማኑኤል ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር ገበሬ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውንም ልጇንም ብቻዋን ይዛለች። ርዕሰ መምህሩን ፍለጋ ከተማ ወደሚገኘው የልጇ ትምህርት ቤት ስትመጣ ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስብሰባ ገብተዋል ተባለች፤ ቀጥሎ ወረዳ ሄደዋል።

የዘጠኝ ዓመት ልጇን ፀደንያን ከሁለተኛ ክፍል አውጥተው ልዩ ፍላጎት ክፍል አስገብተዋታል። ለእናትየዋ የነገራት የለም። ልጅቱ ራሷ ናት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ "እማ፣ ከነአርሴማ ጋር እኮ አንድ ክፍል አይደለሁም" ያለቻት።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ የሺዋስ ቢሮው ነበር፤ ወንበር ሰጣት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ነው።

"ለልጅሽ ተብሎ ነው፣ እናት። ተገምግማ ነው የገባችው። የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው።" የፈቃድ ቅጹንና የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እርሷ ገፋ አደረገ።

የብርጓል አውራ ጣቷን አልዘረጋችም። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራለችና ቅጹን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። የሺዋስ ሰዓቱን አየ። ቅጹ፣ "ልጄ እንድትገመገም አስቀድሞ ተነግሮኝ ፈቅጃለሁ" ይላል። ከሥሩ ጥቅምት አምስት ተጽፏል።

"መምህር፣ ዛሬ ኅዳር አሥራ ሁለት አይደለም እንዴ?"

"ነው። ቅጹ ከግምገማው በፊት መሞላት ስለነበረበት ነው፤ ችግር የለውም።"

"ጥቅምት አምስት ማንም አልጠየቀኝም። ያልጠየቁኝን እንዴት ፈቀድሁ እላለሁ?"

"ልጅሽ እንድትረዳ አትፈልጊም?"

ይህች ቃል ወጋቻት። ፀደንያ በሁለት ዓመት ትምህርት ፊደል እንዳልገባት ከማንም በፊት የምታውቀው እርሷ ናት።

"እፈልጋለሁ። በሐሰት ግን አልፈርምም።"

የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ጥሩብርሃን ተጠራች። ቀኑን አየችና፣ "እውነታቸውን ነው" አለች። "ተፈርሟል ብዬ ሳላጣራ ነው የጀመርሁት፤ ጥፋቱ የኔም ነው። እንደ አዲስ እንሥራው። እናት፣ እርስዎም አብረውን ይቀመጡ።"

ልጅቱን ምን እንደምትጠይቃት፣ ለምን እንደሆነ፣ እናት እምቢ ማለትም እንደምትችል አስረዳቻት። የብርጓል የዛሬውን ቀንና ስሟን በገዛ እጇ ጽፋ ፈረመች።

ፀደንያ ከክፍል ተጠርታ መጣች፤ ጠጠር ቆጠረች፤ የተነገራትን ቃል ደገመች፤ ሥዕሎችን በቅደም ተከተል ደረደረች። በጠፋት ቁጥር የእናቷን ፊት ታያለች። የብርጓል ምላሷ ጫፍ ላይ የሚደርሰውን መልስ ትውጣለች።

ውጤቱ አልተለወጠም። ልጅቱ ቶሎ አትይዝም፤ የያዘችውም ቶሎ ይጠፋታል። ምናልባት ተሳስተው ይሆናል ብላ ነበር የብርጓል፤ ያን ተስፋ ይዛ ነው ያን ሁሉ መንገድ የተመላለሰችው።

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ከጓደኞቿ መለየት አለባት?" አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

"እርስዎ ካልተስማሙ አትለይም" አለች ጥሩብርሃን።

በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ከጥሩብርሃን ጋር፣ ሌላውን ከነአርሴማ ጋር እንድትማር ተስማሙ። የሺዋስ ቀና ሳይል ጻፈው።

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ የብርጓል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፀደንያ አጠገቧ ቆመች።

"እማ፣ የጠየቀችኝን አወቅሁት?"

"ጥቂቱን አወቅሽ" አለቻት። "ነይ፣ አንቺም ትንሽ ተቀመጭ።"