ለጀግናው የተሰጠው ጥፋት

ጸሐፊው ለሬዲዮ ድራማው ጀግና ያልሰጠው ነገር አልነበረም፤ ጥርስ የማያስከድን ጨዋታ፣ ጉልበተኛን ሁሉ ልክ የሚያስገባ ክንድ፣ ምኑ ቅጡ። አድማጭ ግን ፊት ነሳው። አዘጋጁ፣ ድርሰት ያለ ርኅራኄ ስለሚቆርጥ «መቀሱ» የሚሉት ሰው፣ የጀግናውን ወረቀት ከፋይሉ መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ወረቀት አለው። የጀግናው ወረቀት ላይ «ያለፈ ሕይወት» ከሚለው ሥር ባዶ ነው።

«ሰውዬው ከሰማይ ነው እንዴ የወረደው? አንጀት የሚበላ ነገር ፈልግለት» አለ መቀሱ። «እስከ ማክሰኞ ካላመጣህ ድራማው ይዘጋል።»

ቢዘጋ ጸሐፊው የሚያጣው ሥራውን ብቻ አይደለም። ሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቱ እሁድ እሁድ ድራማው እንዳለቀ ትደውልለታለች። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ በሳምንት ውስጥ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን የሚጠብቅ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሁለት ቀን ሙሉ ጻፈ፣ ቀደደ። ቤት አቃጠለ፣ አባት ገደለ፤ ሁሉም የተሰለቸ ሆነበት። በሦስተኛው ቀን ለማንም ተንፍሶት የማያውቀውን ነገር ጻፈው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ኳሱን ሊያጥብ ከግቢያቸው ጉድጓድ ውሃ ቀዳና ክዳኑን ሳይመልስ ወደ ጨዋታው ሮጠ። የሦስት ዓመት ወንድማቸው ገብቶበት ሞተ። ጉድጓዱን መክደን የእህቱ ሥራ ስለነበር ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እሱ ዝም አለ። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ፊት ለፊት አላየቻትም፤ እሷም አድጋ የሰው ሕፃን አንድ ቀን እንኳ አቅፋ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ለጀግናው ሰጠው። ድራማ ነውና ጀግናው እህቱ እግር ላይ ወደቀ፤ እሷም እያለቀሰች አነሣችውና ይቅር አለችው። ጸሐፊው ራሱ ሲጽፍ ተንሰቀሰቀ፤ ከዚያ ደግሞ፣ አያፍርም፣ ቅልል አለው።

መቀሱ አንዲት መስመር አልቆረጠም። «አሁን ሰው ሆነ» አለ።

እሁድ ድራማው እንዳለቀ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ» አለ።

«ኳሷ ቀይ ነበረች» አለች። «አንተ ሰማያዊ አልካት።»

«አዎ፣ ቀይ ነበረች።»

«እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ፊቷን ስታዞርብኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። የመጡለት ቃላት ግን ጀግናው ቅድም በሬዲዮ የተናገራቸው ነበሩ። አፈረና መልሶ ዋጣቸው።

«እህትየዋ ይቅር አለችው፣ አይደል?» አለች።

«አለችው።»

«ማን ፈቀደልህ?» አለች። «ጥፋቱን ያለ ጥፋቴ ሰጣችሁኝ፣ ይሁን፣ ተሸከምኩት። ይቅርታውን እንኳ ለእኔ ብትተውልኝ ምን ነበረበት?»

ስልኩን ዘጋችው።