የወርቅአየሁ በርበሬ

«የጻፍከው አንተ አይደለህ? አንብብልኛ» አለች ይታይሽ።

ገበየሁ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ሚስቱ ምህረቴ በወሊድ ከሞተች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሕፃኑም አልተረፈ። ለቀስተኛው ሳስቶ ዳሱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ዘንድሮው ገብስ ያወራሉ። ታላቅ እኅቱን ይታይሽን ያሳሰባት የአርባው ድግስ ነው። የምህረቴ የበርበሬ ማሰሮ በለቅሶው ሳምንት ተሟጧል። ለብቻዋ ትቀምመው ስለነበር አሠራሩን የሚያውቅ የለም። ይታይሽ ደግሞ ተስካሯን በሌላ ሰው በርበሬ ማውጣት አልፈለገችም።

ገበየሁ ጉሮሮውን ጠራርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ዛላው ተቀንጥሶ ሁለት ቀን ፀሐይ ይመታዋል። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጤና አዳም ይደለዛል። ታፍኖ ያድራል። ደርቆ ሲነሳ እናቴ የምትጨምርበት...»

ማንበቡን አቆመ።

«እ? ምንድን ነው የምትጨምርበት?»

«እዚህ ላይ ያልቃል፣ እትዬ።»

ገጹ የተጻፈው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1951፣ የምህረቴ እናት ወርቅአየሁ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በተስቦ የሞተች ሰሞን ነው። ምህረቴ ፊቷን እንደነጨች ከለቅሶው ተመልሳ ባሏን ደብተር አስያዘችው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

«የእናቴ ሙያ ከእናቴ ጋር እንዳይቀበር ጻፍልኝ» አለችው።

ሽሮውን፣ የቅቤውን አነጣጠር፣ ጠላውን እያለቀሰች ነገረችው፤ ጻፈ። ገበየሁ ዳንግላ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የሚተዳደረው። በርበሬው ላይ ሲደርሱ ባለጉዳይ እየጠበቀው ነበር።

«የቀረውን ነገ ትነግሪኛለሽ» ብሏት ብዕሩን ከደነ።

በማግስቱ ረሳው። በዓመቱ አስታወሰችው፤ ሥራ በዝቶበት ነበር። ባለፈው መስከረም፣ ሆዷ ገፍቶ ሳለ፣ እንደገና አነሳችው።

«የሰው አቤቱታ አንድ ቃል ሳታስቀር ትጽፋለህ። የእኔ አንድ ገጽ አቃተህ?» አለችው እየሳቀች። እሱም ሳቀ።

ይህን ለእኅቱ ሲነግራት ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቁመው ነበር። ይታይሽ አልወቀሰችውም፤ አላጽናናችውምም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

በርበሬውን እንደምታውቀው አደረገችው። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አመሰች፤ እየቀመሰች ድንብላል አከለችበት። በሠላሳኛው ቀን ተፈጭቶ የመጣውን በሳህን ይዛ ስትገባ፣ የስድስት ዓመቷ የምህረቴ ልጅ ማናለብሽ ጣቷን ነክራ ላሰች። ጥቂት አሰበች።

«የእማዬ አይደለም» አለች በቀስታ።

ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አዎ፣ አይደለም» አለ ገበየሁ።

«የእማዬስ የታለ?»

ገበየሁ ሳብ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጣትና ጣቷ ላይ የቀረውን በርበሬ በጋቢው ጫፍ ጠረገላት። ጠርጎ ከጨረሰ በኋላም እጇን አልለቀቀም።