ለሁለት ሰው የተለካ መንገድ

ጋሽ ካርታው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመና ሰዓቱን አየ። «ኮሎሲየም፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ዳቦ ሻጩ ይህን ሰው ስለለመደው ቀና ብሎም አላየው።

ከዳቦ ቤቱ ተነስቶ በጎማ መሸጫው በኩል፣ በፖስታ ቤቱ ጀርባ አድርጎ እስከ ትልቁ ፋርማሲ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው። ሮም ውስጥ ከኮሎሲየም እስከ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ፓንቴዎን ያለው መንገድም ያንኑ ያህላል። ካርታው ይህን የሚያውቀው ከካርታ ነው እንጂ ሮምን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የሚሠራበት የጉዞ ወኪል ለሙሽሮች የጫጉላ ጉዞ ዕቅድ ያወጣል፤ ታሪክ ለሚወዱት ሙሽሮች ዕቅዱን የሚያወጣው እሱ ነው። አሠራሩም ይኸው ነው፦ የሮምን መንገድ በገዛ ሰፈሩ ላይ ያነጥፍና በእግሩ ሄዶ፣ በሰዓት ለክቶ ይጽፈዋል። ሌላው ሰው ከኮምፒውተር ይገለብጣል፤ እሱ ግን ኮምፒውተር እግር የለውም ባይ ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲል ኖሮ የእናት አባቱ ስም ተረሳና ጋሽ ካርታው ሆኖ ቀረ።

«አሥራ ሰባት ደቂቃ» አለ ፋርማሲው በር ላይ። የሰማው ሰው አልነበረም።

ቢሮ ሲገባ ሥራ አስኪያጇ ቆማ ጠበቀችው። በዕድሜ ልጁ ብትሆን ነው፤ ስትቆጣም ግን አንቱታዋን አትተውም።

«ጋሽ ካርታው፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን የጻፉት ባለፈው ወር ከሮም የተመለሱ ሙሽሮች ናቸው። «ፍርስራሹን ሁሉ አይተናል፤ እርስ በርስ ግን አልተያየንም። ጫጉላችንን ስንሮጥ ጨረስነው» ይላል።

«እነዚህ ሦስተኛዎቹ ናቸው» አለች። «ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ሰዓቱ አይበቃም።»

«በእግሬ ነው የለካሁት። አንዲት ደቂቃ አልተሳሳትኩም።»

«ከማን ጋር ሆነው?»

«እንዴት ከማን ጋር?»

«ሲለኩ አብሮዎት ማን ነበር?»

ካርታው ወረቀቱን አገላበጠ። ከጀርባው ምንም አልተጻፈበትም።

«ማንም» አለ።

«እና ለጫጉላ ብቻውን የሄደ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ከአጠገባቸው የምትሠራው ትኬት ቆራጭ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ፈገግ አለች። ሥራ አስኪያጇ ግን አልሳቀችም።

«ቀጣዮቹ ሙሽሮች፣ የታሪክ አስተማሪውና ነርሷ፣ ዓርብ ዕቅዳቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። እሱ አንድ ድንጋይ እንዲቀርበት አይፈልግም። እሷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በሽተኛ ክፍል ስትሮጥ የከረመች ናት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በእኛ ዕቅድ እንዲፈታ አልፈልግም። ሁለት ሰው ሆነው ይለኩልኝ። ካልሆነ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከእንግዲህ ሥራውን ለኮምፒውተሩ ነው የምሰጠው።»

ካርታው ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ሁለት ሰው መሆን፣ ለአፍ ቀላል ነው። ስልኩን አወጣና ስሞቹን ከላይ ወደ ታች አያቸው። አከራዩ። ቧንቧ ሠራተኛው። የጥርስ ሐኪሙ። እህት አለችው፤ የምትኖረው ግን የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ከእሷ ሥር የቀድሞ ሚስቱ ቁጥር አለ። አልሰረዘውም፣ አልደወለበትምም። ስትለየው የተናገረችው ዛሬም ጆሮው ላይ አለ፦ «ካንተ ጋር መንገድ ከምወጣ ብቻዬን ብወጣ ይሻለኛል። ጀርባህን ሳይ አረጀሁ።» ያኔ ነገር ስትፈልገው መስሎት ነበር። አሁን ሃምሳ አራት ዓመት ሆኖታል፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር አብሮት የሚሄድ ሰው ግን የለውም። ይህን እስከ ዛሬ ልብ ብሎት አያውቅም።

በየመንገዱ አሥር አሥር ደቂቃ ቢጨምርስ ማን ያውቅበታል? ጨመረ። ወዲያው ደግሞ አጠፋው። ያልሄደበትን ሰዓት ጽፎ አያውቅም፤ በዚህ ዕድሜው መጀመር አልፈለገም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትኬት ቆራጯ መሳቢያዋን መቆለፍ ጀመረች። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባሏ የሞተባት ጊዜ ከቢሮው ሰው ጋር ሄዶ እግዜር ያጽናሽ ብሏታል፤ ከዚያ ወዲህ ከእንደምን አደርሽ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

«ዓይኔን በጨው አጥቤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አላት።

«ጨውህን አታባክን። ጠዋት ቢሮው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብን ነው።»

«ከዚያ በላይ አይፈጅም ብለህ ነው! ችግርህ ይኸው እኮ ነው» አለችና የሥራ ጫማዋን አውልቃ ፌስታል ውስጥ ከተተች። ከጠረጴዛው ሥር ጠፍጣፋ ጫማ አውጥታ አጠለቀች። «በል እንሂድ።»

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰዓቱን አስነሳ። ትንሽ እንደሄደ ስለ ኮሎሲየም ሊነግራት ዞር ሲል አጠገቡ የለችም። ወደ ኋላ ቀርታ፣ ፌስታሏን አንጠልጥላ ቆማለች።

«ማን እያባረረህ ነው?» አለችው ከዚያው ሆና።

ተመለሰ። ሃያ ዓመት ሲለካ ወደ ኋላ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» አለች ጎን ለጎን ሲሄዱ። «አሁን የት ነን?»

«ፎረም ጋ። በግራሽ ያለው የጥንቱ አደባባይ ፍርስራሽ ነው።»

በግራዋ ያለው የጎማ መሸጫው ነበር። አንገቷን አስግጋ ደህና አድርጋ አየችው።

«ያን ጊዜም ጎማ ይሸጡ ነበር?»

ካርታው ሳቀ። ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ስትደርስ ጉልበቷን ያዘችና ዝቅተኛው ግንብ ላይ ተቀመጠች። እሱም ትንሽ ካመነታ በኋላ ተቀመጠ። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው።

«እዚህ ከመምጣቴም በፊት ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ለሰው ትኬት ስቆርጥ ለራሴ አንድ አልቆረጥኩም» አለች። «ከባሌ ጋር ሁልጊዜ ለከርሞ፣ ለከርሞ እንደተባባልን ነው የቀረነው። እስቲ መጨረሻችን ላይ ምን አለ? ፓንቴዎን ያልከው።»

«ጣሪያው መሃል ላይ ክፍት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይገባል። ወለሉ ላይ ውሃው የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት።»

«ሰዉስ አይበሰብስም?»

«ጥግ ይዞ ዝናቡን ያያል።»

«ይሄን ዕቅዱ ላይ ጽፈኸዋል?»

«የለም። መግቢያ ዘጠኝ ሰዓት፣ መውጫ ዘጠኝ ከሃያ ብያለሁ።»

«ከሰዓቱ ይልቅ ይሄን ጻፍላቸው» አለች። «ሁለተኛው ቀንስ?»

«ወንዝ ዳር ዳሩን ነው። ሜዳ ነው፤ አይከብድም።»

ፋርማሲው በር ላይ ሲደርሱ አርባ ሦስት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ካርታው አሥራ ሰባቱን ሰርዞ አርባ ሦስት ብሎ ጻፈ። የሷ አውቶቡስ ከወዲያ ማዶ ሲመጣ ይታያል።

«በቃ፣ ልኩ ተገኘልህ» አለች። «የቀሩትን አራት ቀናት በዚሁ ስሌት አባዝተህ ነገ ከምሳ በፊት ትጨርሳቸዋለህ።»

እውነቷን ነው። ሒሳቡን ለመሥራት ሰው አያስፈልግም፤ ወንበርና እርሳስ ይበቃል።

«አይሆንም» አለ። «ሁለተኛው ቀን ዳገት አለው። ዳገት በማባዛት አይገኝም።»

«ሜዳ ነው ስትል አልነበረም እንዴ?»

አውቶቡሱ ደርሶ በሩን ከፈተ። ካርታው ደብተሩን አጠፈና አያት።

«ሜዳ ነው» አለ። «መለካትም አያስፈልገውም። ግን ነገም ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል።»

አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ የተጫማችውን ጠፍጣፋ ጫማ ቁልቁል አየችው።

«እንግዲያው ይሄን ነገም ይዤ መምጣት አለብኝ» ብላ ገባች።

ካርታው አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ደብተሩን እንደገና ገለጠና፣ ከ«ሁለተኛ ቀን» ሥር የጻፋቸውን ሰዓቶች ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዛቸው።