የጓንጉል ሁለተኛ ዓይን

ማክሰኞ ጠዋት ሃምሳ አለቃ ጓንጉል በሥዕሉ ውስጥ እንደቆመ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ሥዕሉ በጦሩ ክበብ አዳራሽ ተሰቅሎ የኖረ ነው፤ ጄኔራሉ በወጣቱ ጓንጉል ደረት ላይ የጀግንነት ኒሻን ሲያንጠለጥል ያሳያል። ጄኔራሉ አልተንቀሳቀሰም። ኒሻኑም በቦታው ነው። የጎደለው የጓንጉል አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ሠዓሊው ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ያረጀ ሰው ስለነበር ወጉ ለማንም ግልጽ ነው። ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሣላል፤ ከሃዲና ጠላት ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን።

የክበቡ ኃላፊ ሻምበል ዘገየ የጓንጉልን ልጅ እታፈራሁን አስጠራት። ያረጁ ሥዕሎችን ማደስ እንጀራዋ ነው።

«እሁድ አባትሽን እዚህ ሥር አቁመን ልናከብራቸው ነው። ይህን ሁሉ እንግዳ ጠርቼ፣ በጎኑ የቆመ ጀግና ላሳይ? በይ የጎደለችውን ዓይን ጣል አድርጊበት።»

«እሱ ራሱ ነው የዞረው፣ ሻምበል።»

«አውቃለሁ፤ ዘበኛውም ሲዞር አይቶታል። ቀለሙ እስከ እሁድ ይደርቃል?»

ቤት ስትደርስ አባቷ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባባ፣ ሥዕሉ ላይ ዞረዋል።»

«ወደየት?»

«ወደ ግራ።»

ሽማግሌው ወደ ግራቸው አዩ። «ኒሻን ባገኘሁበት ውጊያ ጓዴ አስራት በግራዬ ነበር» አሉ። «መትረየሱን ይዞ ኮረብታውን ያዳነው እሱ ነው። ሊነጋጋ ሲል ሞተ። እኔ ከምሽጉ ቀና አላልኩም። ረዳት ጦር ሲደርስልን ‹ኮረብታውን ያዳንከው አንተ ነህ?› አሉኝ፤ አዎ አልኩ። እሱን ሲሸሽ ሞተ ብለው ለእናቱ ነገሯት።»

እታፈራሁ የብሩሾቿን ቦርሳ አነሣች።

«እንግዲህ እሁድ እንዳታዋርጂኝ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያከበረኝ በዚህ ነው።»

ዓርብ ዕለት ዓይኑን ሣለችው። ብሩሹ ገና እንደነካው ፊቱ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተመለሰላት፣ ሥራዋን ሊያቀልላት እንደፈለገ ሁሉ። እሁድ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሻምበሉ እንባውን ጠረገ።

ከበዓሉ ሲመለሱ አባቷ ግራ ጎናቸውን ሰጥተዋት በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ እስቲ ወደዚህ ይዩ።»

«እያየሁሽ እኮ ነው።»

ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመች። አሁንም የምታየው ግራ ጎናቸው ነው። በቀኛቸው በኩል ሄደች። ግራ ጎናቸው ነው። ወንበሩን ከግድግዳው ሳብ አድርጋ ከኋላቸው ገባች። እዚያም ያችው አንድ ዓይን ነበረች፤ ሳትርገበገብ፣ እሷን አልፋ ታያለች።